ሕመም ሲተኛ ዘበኛው ማን ነው?

(ስለ ማደንዘዣ መድኃኒት ለአዲስ አንባቢዎች የተደረገ የሬዲዮ ንግግር)

 

በሬዲዮ የምትሰሙን፣ ይህንንም ጽሑፍ በእጃችሁ ይዛችሁ ጣታችሁን ከመስመር ወደ መስመር እያስከተላችሁ የምታነቡ ሁሉ፣ አትቸኩሉ። ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ያልገባችሁ መስመር ካለ ተመለሱበት። ጎረቤት ካለም ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት። ለሌላ ሰው ያነበበ ሁለት ጊዜ ይማራል።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ማደንዘዣ መድኃኒት ነው። ጥርስ ሲነቀል፣ ቁስል ሲሰፋ፣ እባጭ ሲከፈት፣ እንዳያመን ተብሎ አስቀድሞ የሚወጋን መርፌ አለ። ንግግራችን ስለ እሱ ነው።

ጥርሱን ታሞ የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። የጥርስ ሕመም ቀን ቀን እንደ ምንም ይቻላል። ሌሊት ግን ጉድ ነው። ሰው ሁሉ ሲተኛ ጥርስ ይነቃል። ጉንጭን በእጅ ይዞ፣ ከመደብ ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ መደብ ሲባል ይነጋል።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ለዚህ አንድ ዘዴ ነበራቸው። ቅርንፉድ በታመመው ጥርስ ነክሶ መያዝ ነው። ይህ ከንቱ ነገር አይደለም። በቅርንፉድ ውስጥ የሚያደነዝዝ ዘይት አለ። ስሙ ዩጂኖል ይባላል። የጥርስ ሐኪሞችም በሥራቸው ይጠቀሙበታል። ነገር ግን ቅርንፉድ ሕመሙን ለጥቂት ጊዜ ያስታግሳል እንጂ የተቦረቦረውን ጥርስ አይደፍነውም። ሕመሙ ተኛ፤ በሽታው ግን አልተኛም። ይህን ነገር ልብ በሉ። ኋላ እንመለስበታለን።

ሕመም ምንድን ነው?

እስቲ እንጠያየቅ። ሕመም ጠላት ነው ወይስ ወዳጅ?

ሁላችሁም "ጠላት ነው" እንደምትሉ አውቃለሁ። ግን ቆዩ። እሳት ሲነካን እጃችንን ፈጥኖ የሚያስነሳን ማን ነው? ሕመም ነው። እሾህ ሲወጋን "ቁም፣ እግርህን እይ" የሚለን ማን ነው? ሕመም ነው። እንግዲህ ሕመም ዘበኛ ነው። ክፉ ነገር ወደ ገላችን ሲገባ ይጮኻል። ጩኸቱ ያስመርራል። ነገር ግን ዘበኛ የሌለው ግቢ ሌባ ይገባበታል።

ማደንዘዣ ይህን ዘበኛ ለጥቂት ሰዓት ያስተኛዋል። ሐኪሙ እንዲሠራ ዘበኛው መተኛት አለበት። ይህ መልካም ነው። ግን ዘበኛው ሲተኛ ግቢውን ማን ይጠብቅ? አንደኛው ጠባቂ ሐኪሙ ነው። ሁለተኛው ጠባቂ እናንተ ራሳችሁ ናችሁ። የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ማደንዘዣ እንዴት ይሠራል?

በገላችን ውስጥ ሁሉ እንደ ቀጭን ክር የተዘረጋ ነገር አለ። ነርቭ ይባላል። ነርቭ እንደ ስልክ ሽቦ ነው። ጣት ሲቆረጥ ወሬው በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይሄዳል። አንጎል ወሬውን ሲሰማ "አመመኝ" እንላለን።

በነርቭ ግድግዳ ላይ በዓይን የማይታዩ ትንንሽ በሮች አሉ። በእነዚህ በሮች ጨው የሚሠራበት ሶዲየም የተባለ ነገር ይገባል። ሶዲየሙ ሲገባ ወሬው ከቦታ ወደ ቦታ ይተላለፋል። ማደንዘዣው እነዚህን በሮች ይዘጋቸዋል። በሩ ሲዘጋ ወሬው አያልፍም። ቢላዋው ይቆርጣል፤ አንጎል ግን አልሰማም። መድኃኒቱ በደም ታጥቦ ሲሄድ በሮቹ ይከፈታሉ። ስሜታችንም ይመለሳል። ነርቩ ተኝቶ ነበር እንጂ አልሞተም።

ማደንዘዣ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሰውየውን ጨርሶ የሚያስተኛ ነው። ይህ በሆስፒታል ለትልቅ ቀዶ ሕክምና የሚሰጥ ነው። ሁለተኛው አንድ ቦታ ብቻ የሚያደነዝዝ ነው። ሰውየው ነቅቶ ያያል፣ ይሰማል፣ ይናገራል፤ የታከመው ቦታ ግን አያመውም። እኛ ዛሬ የምንናገረው ስለ ሁለተኛው ነው።

ይህ መድኃኒት ከየት መጣ ትሉ ይሆናል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1884 ካርል ኮለር የተባለ ሐኪም በኦስትሪያ አገር፣ በቪየና ከተማ፣ ኮኬይን የተባለውን መድኃኒት በዓይን ላይ ጠብ አድርጎ ዓይን ሲደነዝዝ አሳየ። ኮኬይን ግን ሱስ ያስይዛል፤ ይገድላልም። ስለዚህ ሌላ መፈለግ ግድ ሆነ። በ1943 በስዊድን አገር ኒልስ ሎፍግሬን የተባለ የኬሚስትሪ ሰው ሊዶኬይን የተባለውን ሠራ። ባልደረባው ቤንግት ሉንድክቪስት መርፌውን በራሱ ገላ ላይ ሞከረው። ዛሬ በብዙ አገር ጥርስ ሲነቀልና ቁስል ሲሰፋ የሚወጋው ይኸው ሊዶኬይን ነው። ስሙን እንደገና አንብቡት፤ ሊ፣ ዶ፣ ኬ፣ ይ፣ ን። ሊዶኬይን።

መድኃኒቱ በሚገባ ከተሰጠ ደግ መድኃኒት ነው። ፈርታችሁ እንዳትሸሹት። በፍርሃት ጥርሱን ሳያሳይ ቀርቶ መግሉ ወደ መንጋጋና ወደ አንገት የወረደበት ሰው ጉዳቱ ብዙ ነው። እኛ የምንላችሁ "አትወጉ" አይደለም። "አውቃችሁ ተወጉ" ነው።

ታዲያ እንዴት እንወቅ? አራት ቃላት እነግራችኋለሁ። በደብተራችሁ ጻፏቸው። ተናገሩ። ጠይቁ። ጠብቁ። አንብቡ።

አንደኛ፤ ተናገሩ

ሐኪሙ መርፌውን ከማንሳቱ በፊት ስለ ራሳችሁ ተናገሩ። ሐኪም ነቢይ አይደለም። ያልነገራችሁትን አያውቅም።

የልብ በሽታ አለባችሁ? ተናገሩ። ደም ብዛት አለባችሁ? ተናገሩ። ጉበታችሁን ታማችሁ ታውቃላችሁ? ሊዶኬይንን ከገላ የሚያስወግደው ጉበት ነውና ይህንንም ተናገሩ። የሚጥል በሽታ አለባችሁ? አትፈሩ፣ ተናገሩ። ከዚህ በፊት መርፌ ተወግታችሁ ገላችሁ አሳክኳችሁ፣ አብጣችሁ፣ ትንፋሽ አጥሯችሁ ያውቃል? ተናገሩ። በየቀኑ የምትውጡት ኪኒን ካለ መያዣውን ይዛችሁ ሂዱና አሳዩ። የሐበሻ መድኃኒት ወስዳችሁም ከሆነ አትደብቁ።

እርጉዝ የሆነች እናትም ትናገር። እርጉዝ ናት ተብሎ ማደንዘዣ አይከለከልም። ሐኪሙ ግን አውቆ፣ መርጦና መጥኖ ይሰጣታል።

አንድ ነገር ልጨምር። መርፌ ሲያይ ራሱን የሚስት ሰው አለ። ይህ ብዙ ጊዜ ከፍርሃት የሚመጣ ነው፤ ባዶ ሆድ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ሐኪሙ ካልከለከላችሁ በቀር እህል ቀምሳችሁ ሂዱ። ጾም ላይ ከሆናችሁ ወይም ከዚህ በፊት በመርፌ ወድቃችሁ የምታውቁ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት። ተጋድማችሁ እንድትወጉ ያደርጋል። መፍራት ነውር አይደለም። ነውሩ ፍርሃትን ደብቆ መውደቅ ነው።

ሁለተኛ፤ ጠይቁ

መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህ ነው። "የሚወጋኝ ማን ነው?" በጤና ጣቢያ ወይም በሆስፒታል የተማረ ባለሙያ ይወጋችሁ። በየመንደሩ "እኔ መርፌ አውቃለሁ" የሚል ሰው አይጠፋም። እጁ ፈጣን ሊሆን ይችላል። ግን መርፌ መውጋት ማወቅና መድኃኒቱን ማወቅ አንድ አይደሉም። የተማረው ሰው መርፌውን ካስገባ በኋላ ጥቂት ወደ ኋላ ስቦ ያያል። ደም ከመጣ መርፌው የደም ሥር ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ስለዚህ ቦታ ይለውጣል። መድኃኒቱ በቀጥታ ወደ ደም ሥር ከገባ አደገኛ ነውና። ደግሞም ክፉ ነገር ቢመጣ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል።

ሁለተኛ ጥያቄ፤ "መርፌው አዲስ ነው ወይ?" መርፌውና ሲሪንጁ በፊታችሁ ከታሸገበት ይውጣ። በሌላ ሰው ላይ የዋለ መርፌ የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ ያስተላልፋል። ይህን መጠየቅ ሐኪምን መናቅ አይደለም። ጥሩ ሐኪም በጥያቄው ይደሰታል።

ሦስተኛ ጥያቄ፤ "ስንት ነው የምትሰጠኝ?" ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው። ትንሽ ሒሳብ አለበትና እርሳስ አንሡ።

የሊዶኬይን መጠን የሚለካው በሰውየው ክብደት ነው። አድሬናሊን ያልተጨመረበት ሊዶኬይን በተለመደው የሕክምና ሕግ ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ4.5 ሚሊግራም፣ ለአንድ አዋቂም በጠቅላላው ከ300 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይባላል። ሐኪሙ እንደ በሽተኛው ሁኔታ ከዚህም ያነሰ ሊወስን ይችላል።

አሁን እናስላ። አንድ ሰው 60 ኪሎ ይመዝናል እንበል። 60 ጊዜ 4.5 ስንት ነው? 270 ሚሊግራም ነው። አንድ ሕፃን ደግሞ 12 ኪሎ ይመዝናል እንበል። 12 ጊዜ 4.5 ስንት ነው? 54 ሚሊግራም ብቻ ነው።

በብልቃጡ ላይ 2% የሚል ቁጥር ካለ፣ "ሁለት በመቶ" ብላችሁ አንብቡት። በአንድ ሚሊሊትር ውስጥ 20 ሚሊግራም መድኃኒት አለ ማለት ነው። 1% ከሆነ 10 ሚሊግራም ነው። እንግዲህ ባለ 2 በመቶ ከሆነ የአዋቂው ድንበር 13.5 ሚሊሊትር ነው። የሕፃኑ ድንበር ግን 2.7 ሚሊሊትር ነው። አያችሁ? ለአባት ምንም የማይለው መጠን ለልጁ መርዝ ሊሆን ይችላል።

ይህን ሒሳብ የነገርኋችሁ ራሳችሁ እንድትወጉ አይደለም። በጭራሽ! የነገርኋችሁ ልጃችሁ ከመወጋቱ በፊት "ልጄን መዘናችሁት ወይ?" ብላችሁ እንድትጠይቁ ነው። ሳይመዘን ከሆነ "እባካችሁ መዝኑልኝ" በሉ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ልጅ ታድናለች።

አንዳንዴ ከሊዶኬይን ጋር አድሬናሊን ይጨመራል። አድሬናሊን የደም ሥሮችን ያጠብባል። ደሙ ይቀንሳል፤ ማደንዘዙም ይረዝማል። ነገር ግን ከተወጋችሁ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ልባችሁ ድው ድው ሊል ይችላል። የልብ በሽታችሁን አስቀድማችሁ ተናገሩ ያልኋችሁ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የአደጋ ምልክቶች

ማደንዘዣው ከመጠን በላይ ወደ ደም ከገባ ገላችን ምልክት ይሰጣል። ምልክቶቹን በቃላችሁ ያዙ።

በአፍ ዙሪያና በምላስ ላይ ያልተጠበቀ መደንዘዝ። ጥርስ ሲታከም አፍ መደንዘዙ የተለመደ ነው፤ እጁን ወይም እግሩን የሚታከም ሰው አፉ ከደነዘዘ ግን አደጋ ነው።

በአፍ ውስጥ የብረት ጣዕም።

በጆሮ ውስጥ ጭው የሚል ድምፅ።

ራስ መዞር፣ ዓይን መደብዘዝ፣ ነገር መቀባጠር።

የፊት ወይም የእጅ መንቀጥቀጥ።

ከዚህ ካለፈ ሰውየው ይንቀጠቀጣል፤ ራሱን ይስታል፤ ትንፋሹና ልቡም ሊቆም ይችላል።

እንግዲህ "ጆሮዬ ጭው አለ፣ ግን ሐኪሙን ላስቸግር አልችልም" ብላችሁ ዝም አትበሉ። ይሉኝታ እዚህ ላይ አያስፈልግም። እጃችሁን አንሡ። "ጆሮዬ ጮኸ" በሉ። "ብረት ብረት አለኝ" በሉ። ሐኪሙ መውጋቱን ያቆማል። ያስተኛችኋል። ኦክስጅን ይሰጣችኋል። በጊዜ ከተነገረው ብዙ ማድረግ ይችላል። ልጅ ደግሞ እንዲህ ብሎ መናገር አይችልም። ስለዚህ ወላጅ ከልጁ ፊት ዓይኑን አያንሳ።

ሦስተኛ፤ ጠብቁ

መጠበቅ ሁለት ጊዜ ነው። አንደኛው መድኃኒቱ እስኪሠራ ነው። መርፌው ከተወጋ በኋላ ጥቂት ደቂቃዎች ያስፈልጋሉ። ሐኪሙ ነካ ነካ አድርጎ "ያምሃል?" ሲላችሁ እውነቱን ተናገሩ። ካመማችሁ አመመኝ በሉ። ጀግንነት ለሌላ ቀን ይቆየን። መግል የያዘ ቦታ ላይ ማደንዘዣ ደካማ ይሆናል። መግሉ እንደ ኮምጣጤ የመኮምጠጥ ጠባይ ስላለው የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሰዋል። ስለዚህ ሐኪሙ አስቀድሞ መግሉን ሊያወጣ፣ ወይም በሌላ ቦታ በኩል ሊያደነዝዝ ይችላል። "መድኃኒቱ ውሸት ነው" ብላችሁ ተነሥታችሁ አትሂዱ።

ሁለተኛው መጠበቅ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ነው። እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ላውጋችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የታች መንጋጋ ጥርሴን አስነቀልሁ። ምንም አላመመኝም። ጎበዝ ነኝ እያልሁ ቤቴ ገባሁ። ቤት ውስጥ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተሰብስቧል። የተቆላ ገብስና ሽምብራ ቀርቧል። እኔም በመልካሙ ወገን አላምጣለሁ ብዬ ቆሎውን ዘገንሁ። እያወራሁ አላመጥሁ። ትኩሱንም ቡና ፉት አልሁ። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ያየኝ ጀመር። ባለቤቴ "ኧረ ደም! ኧረ ከንፈርህ!" ብላ ጮኸች። ለካ ከቆሎው ጋር የገዛ ከንፈሬን ሳላምጥ ነበር። ቡናውም ምላሴን ልጦታል። ያን ጊዜ ምንም አልተሰማኝም። ማታ ዘበኛው ሲነቃ ግን ዋጋዬን አገኘሁ። የጥርሱ ቁስል በቶሎ ዳነ። የከንፈሬ ቁስል ግን ብዙ ቀን ከረመ።

እናንተ ከእኔ ተማሩ። ከንፈርና ምላስ እስከ ሦስት ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ደንዝዘው ይቆያሉ። እስኪመለሱ ድረስ አታላምጡ። ትኩስ ነገር አትጠጡ። ልጅ ከንፈሩ ሲደነዝዝ ይገርመውና ይነክሰዋል፣ ይቧጥጠዋል። አጠገቡ ተቀመጡ። እጃችሁ ወይም እግራችሁ የተደነዘዘ ከሆነ ወደ ምድጃ አትቅረቡ፤ ማጭድ አትያዙ፤ በባዶ እግር አትሂዱ። ዘበኛው ተኝቷል፤ እሳቱና እሾሁ ግን አልተኙም።

ማደንዘዙ ከበርካታ ሰዓት በኋላም አልለቅ ካለ፣ የተወጋው ቦታ እያደር ካበጠና ትኩሳት ካመጣ፣ ወደ ታከማችሁበት ቦታ ተመለሱ።

አራተኛ፤ አንብቡ

አሁን ወደ ራሳችሁ ኃይል መጣን። ማንበብ ተምራችኋል። ቁጥርም ተምራችኋል። ይህ ትምህርት ለደብዳቤ ብቻ አይደለም። ለነፍስም ይሆናል።

በመድኃኒት መያዣ ላይ ብዙ ጊዜ ጽሑፉ በላቲን ፊደል ነው። "ታዲያ እኛ ምን እናነባለን?" ትሉ ይሆናል። ቁጥሩን ታነባላችኋላ! ቁጥሩ ያው እናንተ የተማራችሁት 1፣ 2፣ 3 ነው።

ኢ፣ ኤክስ፣ ፒ የሚባሉ ሦስት የላቲን ፊደላት ካሉበት አጠገብ ያለው ቁጥር መድኃኒቱ የሚያበቃበት ጊዜ ነው። ለምሳሌ 03/2027 ይላል እንበል። የመጀመሪያው ቁጥር ወር ነው። ሁለተኛው ዓመት ነው። ግን ተጠንቀቁ! ይህ ዓመት የፈረንጆች ነው። በእኛ አቆጣጠር እየቆጠረ "ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል" የሚል ሰው ተሳስቷል።

ዘዴው ቀላል ነው። የወሩ ቁጥር ከ1 እስከ 8 ከሆነ ከዓመቱ ላይ 8 ቀንሱ። የወሩ ቁጥር ከ9 እስከ 12 ከሆነ 7 ቀንሱ። 03/2027 ከሆነ፣ ከ2027 ላይ 8 ሲቀነስ 2019 ይሆናል። ሦስተኛው የፈረንጅ ወር የሚያልቀው በእኛ መጋቢት 22 ቀን ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ የሚያበቃው በመጋቢት 2019 ዓ.ም. ነው። 11/2027 ከሆነ ደግሞ 7 ቀንሱ። 2020 ይሆናል። ወሩ ኅዳር ነው።

እስቲ አንዲት እናት በሐሳባችን እንይ። ልጇ በማጭድ እጁን ቆርጦታል። አንድ ሰው "እኔ እሰፋዋለሁ፣ ማደንዘዣም አለኝ" ብሎ ከኪሱ ብልቃጥ አወጣ። ድሮ ቢሆን "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ልጁን ትሰጥ ነበር። አሁን ግን "ወንድሜ፣ እስቲ ልየው" አለች። ቁጥሩን አነበበች። ስምንት ቀነሰች። ጊዜው ካለፈ ዓመት ሆኖታል። ልጇን አቅፋ፣ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ጠበቅ አድርጋ ይዛ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ገሠገሠች። ይህችን እናት ማን አስተማራት? መቀነስ አስተማራት። ማንበብ አስተማራት።

ስለ ሚቀባ ማደንዘዣ

ማደንዘዣ በመርፌ ብቻ አይደለም። የሚቀባ አለ፤ የሚነፋም አለ። "ቅባት ነው፣ ምን ያደርጋል?" የሚል ሰው ብዙ ነው። ቅባትም በቆዳ በኩል ወደ ደም ይገባል።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2007 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አንድ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። ሁለት ወጣት ሴቶች፣ አንዷ የ22፣ ሌላዋ የ25 ዓመት፣ የእግራቸውን ጠጉር በሌዘር ለማስነሣት ሲሉ እንዳያማቸው ብለው ማደንዘዣ ቅባት እግራቸውን ተቀቡ። ከዚያም በፕላስቲክ ጠቀለሉት። ፕላስቲኩ ሙቀት ይዞ መድኃኒቱን በብዛት ወደ ደማቸው አስገባው። ሁለቱም ተንቀጠቀጡ። ራሳቸውን ሳቱ። ሞቱ። ለጠጉር ብለው ነፍሳቸውን አጡ።

ስለዚህ የሚቀባ ማደንዘዣ በሰፊ ቦታ ላይ አትቀቡ። በቆሰለና በተላጠ ቆዳ ላይ አትቀቡ። በፕላስቲክ አትጠቅልሉ። ባለሙያው ካዘዘው በላይ አትደጋግሙ። ልጅ እንዳይልሰው ከፍ ካለ ቦታ አስቀምጡ።

ጥርስ የሚያበቅል ሕፃን ድድ ላይም ማደንዘዣ አትቀቡ። ቤንዞኬይን የተባለው ቅባት የሕፃኑ ደም አየር መሸከም እንዳይችል ሊያደርግ ይችላል። ከንፈሩና ጥፍሩ ይጠቁራል። ሊሞትም ይችላል። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን እንዳይሰጥ በ2018 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ይኸው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት አስጠንቅቋል። ድዱን በምላጭ ወይም በወስፌ ማስወጣትማ ከዚህ የከፋ ጉዳት ነው። እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ ድዱን በጣታችሁ ቀስ አድርጋችሁ እሹለት። ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ነክራችሁ አስነክሱት። ይበቃዋል።

ሕመሙ ቢተኛም

አሁን ወደ ቅርንፉዱ እንመለስ። ቅርንፉድ ሕመሙን ያስተኛል፤ ጥርሱን ግን አያድነውም ብለን ነበር። ማደንዘዣም ሁሉ እንዲሁ ነው። ሕመም ያስተኛል እንጂ በሽታ አያድንም። ወገቡን በየሳምንቱ እያስቀባ፣ ጥርሱን በየሌሊቱ እያደነዘዘ የሚኖር ሰው ዘበኛውን አፍ እያፈነ ሌባውን እንደሚያስገባ ሰው ነው። ሕመም ደጋግሞ ከጮኸ የሚጮኽበት ምክንያት አለው። ምክንያቱን ለሐኪም አሳዩ።

ውድ አድማጮች፣ ውድ አንባቢዎች፣ ንግግራችንን እንቋጭ። ከመወጋታችሁ በፊት ተናገሩ። ሲወጓችሁ ጠይቁ። ከተወጋችሁ በኋላ ጠብቁ። ሁልጊዜም አንብቡ። ሕመም ሲተኛ ዘበኛው እናንተ ናችሁ።

አሁን ደብተራችሁን አውጡና ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ጻፉ።

1. ሕመም ዘበኛ ነው ያልነው ለምንድን ነው?

2. ለሐኪሙ አስቀድማችሁ የምትናገሯቸውን አራት ነገሮች ጻፉ።

3. አንድ ልጅ 10 ኪሎ ይመዝናል። 10 ጊዜ 4.5 ስንት ነው?

4. በመድኃኒቱ ላይ 05/2028 የሚል ቁጥር አለ። በእኛ አቆጣጠር ዓመቱ ስንት ነው?

5. ከአደጋ ምልክቶቹ አንዱ የብረት ጣዕም ነው። ከቀሩት ሁለቱን መርጣችሁ ጻፉ።

የሦስተኛው ጥያቄ መልስ 45 ነው። የአራተኛው 2020 ነው። የቀሩትን ከጎረቤታችሁ ጋር ተያዩ። ቤት ውስጥ ያለ መድኃኒት ካለም ዛሬውኑ አውጡትና ቁጥሩን አንብቡ። ጊዜው ያለፈበት ካገኛችሁ ለልጅ አትስጡ፤ ሜዳም አትጣሉ። ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ መድኃኒት ቤት ወስዳችሁ ምን እንደሚደረግ ጠይቁ።

ለዛሬ በዚሁ እንሰናበታችሁ። ጤና ይስጥልን።